መልስ፦ ዓባይ ድልድይ ላይ የሚቋረጠው ህልም
በህልምህ ዓባይ ድልድይ ላይ ስትደርስ ትነቃለህ፣ ህልሙም ወዲያው ይጠፋብሃል ብለሃል። እንደነቃህ አትገላበጥ፣ ስልክም አትንካ። ዓይንህን እንደጨፈንክ መጀመሪያ ስሜቱን ያዝ፤ ፈራህ? ናፈቀህ? ቀጥሎ አቅጣጫውን፦ ወደ ደጀን እየገባህ ነበር ወይስ ከጎጃም ወደ ጎሐ ጽዮን እየወጣህ? በእኔ እይታ ከውሃው ይልቅ ይኼ ብዙ ይናገራል። ሳትፈታው ጻፈው።

"ጥርስ ሲወልቅ ሞት ነው" ዓይነቱን የሰፈር ፍቺ ለጊዜው ተወው። ሰሞኑን ልትሻገረው ፈልገህ የቆምክበት ጉዳይ ካለ ግን ራስህን ጠይቅ፤ በጸሎትህም አስገባው።

ብቻ ህልም እንደ ፈቺው ነውና ለሁሉም አታውራ። ሰፈራችን ውስጥ አንዷ "ጠላትሽ ቅርብሽ ነው" ተብላ ከገዛ እህቷ ጋር ቡና መጠጣት አቁማለች። ገብስማ ዶሮ አምጣ የሚልህ ፈቺ ካጋጠመህማ እግሬ አውጪኝ በል።