ጎል ፌስ ሆቴል፦ ከአልጋው ይልቅ በረንዳው

እህቴ፣ ከዱባይ ወጥተሽ ስሪላንካ፣ ኮሎምቦ ሁለት ሌሊት እንደምታድሪ ጽፈሽ፣ «ጎል ፌስ ሆቴል የሚያስከፍለው ለስሙ ነው ወይስ የሚታይ ነገር አለው?» ብለሻል። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ አድሬበታለሁ፣ አንዴ ሻይ ብቻ ጠጥቼ ወጥቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽና የሻዩ ቀን ይበልጥብኛል።

ሆቴሉ የተከፈተው በ1864 ነው (ዘመኑን በፈረንጆች ቁጠሪው)፤ የስዊዝ ቦይ ሊከፈት ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። ኋላ ኮሎምቦ መርከቦች ከሰል የሚጭኑባት ትልቅ ወደብ ስትሆን መንገደኛው ወደዚያ ጎረፈ። ያሠሩት እንግሊዞች ናቸው፣ ያሠሩትም ለራሳቸው። እኛ ጣይቱ ሆቴል ስንገባ «ንግሥታችን ያቋቋመችው» እያልን ደረታችንን እንነፋለን፤ እዚያ ግን ውበቱን እያደነቅሁ «ሻንጣውን የሚሸከመው ማን ነበር?» የሚለው ሐሳብ አልለቀቀኝም።

ለዚህ ይመስለኛል ከእንግዶቹ ዝርዝር ይልቅ የበረኛው ታሪክ የማረከኝ። የመጀመሪያው የጠፈር ተጓዥ ጋጋሪን አርፎበታል፤ የንግሥት ኤልሳቤጥ ባል ልዑል ፊሊፕ በ1940 በወጣት መኮንንነቱ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ሳለ የገዛት አሮጌ መኪናም በሆቴሉ ሙዚየም ቆማለች። በረኛው ቻቱ ኩታን ግን ከኬረላ፣ ከሕንድ፣ የመጣ ምስኪን ልጅ ነበር። በ1942 ተቀጥሮ እስካረፈበት እስከ 2014 ድረስ ከ70 ዓመት በላይ እዚያው አገለገለ። ነጭ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ሪዙን አጎፍሮ፣ መዳፎቹን ገጥሞ «አዩቦዋን» እያለ ይቀበል ነበር፤ «ዕድሜ ይስጥልኝ» እንደማለት ነው። እኔ ስደርስ አልፏል።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። አዲስ ዕቃና ከፍታ ከፈለግሽ በአካባቢው ያሉት የመስታወት ፎቆች ይሻሉሻል። እንቅልፍሽ ቀላል ከሆነም ባሕሩ ሌሊቱን ሙሉ ግንቡ ሥር ሲያገሳ እንደሚያድር ዕወቂ፤ እኔ ወድጄዋለሁ፣ ባለቤቴ ግን አልወደደችውም። ሳታድሪ በረንዳው ላይ መቀመጥ ግን ይቻላል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድረሺና፣ እንደ ቼዝ ገበታ ጥቁርና ነጭ ንጣፍ ካለው ደጅ ፊት ባሕሩን የሚያይ ወንበር ያዢ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የከረጢት ዋሽንት እየተነፋ ባንዲራው ይወርዳል። የእንግሊዝ ወግ ነው፣ የሚነፋው ግን የአገሩ ሰው ነው፤ መሳቅም ዝም ማለትም ያምርሻል። ብስኩትሽን ከቁራዎቹ ጠብቂ። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ደመናው ፀሐይዋን ሊሸፍንብሽ ይችላል።

ራትሽን እዚያ አትብዪ። ከአጥሩ ወጥተሽ፣ የያኔው እንግሊዛዊ ገዢ ሄንሪ ዋርድ በ1859 ለሽርሽር ወዳስጠረገው ሜዳ ተሻገሪ፤ ዛሬ ልጆች ካይት የሚያበሩበት፣ ቤተሰብ ሁሉ የሚናፈስበት ነው። ሽሪምፕ የተለጠፈበት የምስር ጥብስ ከጋሪ ላይ ይሸጣል፣ «ኢሶ ወዴ» ይሉታል። ቃሪያ አነስ እንዲያደርጉልሽ ንገሪያቸው፤ በበርበሬ ያደግሁት እኔም ውሃ ጠይቄያለሁ።