ውኃ አፋፍ ላይ የቆመው ዶልማባህቼ

ጥያቄ፦ የእኛ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። የኢስታንቡሉ ዶልማባህቼ ግን ባሕሩ አፍ ላይ ተሠርቷል። መሬቱ እንዴት ቻለው? (ከጅማ፣ ሂርማታ)

መልስ፦ ግማሹን ስሙ ይመልሰዋል፤ በቱርክኛ «የተሞላ የአትክልት ቦታ» እንደማለት ነው። ቦታው ኢስታንቡልን ለሁለት የሚከፍለው የቦስፎረስ የባሕር ሰርጥ ትንሽ ወሽመጥ ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየተደለደለ የሱልጣኖች መናፈሻ ሆነ። ሙሌት አፈር ከባድ ሕንፃ ሲጫነው እኩል አይሰምጥም፤ ግድግዳ የሚሰነጠቀውም በዚህ ነው። ስለዚህ መሠረቱ በተተከሉ እንጨቶች ላይ አረፈ። እንጨት ዘወትር ውኃ ውስጥ ከኖረ አየር ስለማያገኝ በቀላሉ አይበሰብስም። የሚጎዳው አንዴ መራሱ፣ አንዴ መድረቁ ነው።

ያሠራው የኦቶማን ቱርክ ገዥ ሱልጣን አብዱልመጂድ ቀዳማዊ ነው፤ ከ1843 እስከ 1856 እ.ኤ.አ.። የነደፉት አርመናውያኑ ጋራቤት ባልያንና ልጁ ኒጎጋዮስ ናቸው። የሱልጣኖቹ አሮጌ ቤተ መንግሥት ቶፕካፒ የአውሮፓውያንን ምቾትና ድምቀት አልነበረውም። አዲሱ 285 ክፍሎች አሉት፤ በትልቁ አዳራሽ የተንጠለጠለው የብርጭቆ መብራት ብቻውን 4.5 ቶን ይመዝናል። ወጪው 5 ሚሊዮን የወርቅ ሊራ ገደማ ደረሰ። መንግሥቱ በ1854 የመጀመሪያውን የውጭ ብድር ወሰደ፣ በ1875 መክፈል አቃተው። ጥፋቱን ሁሉ በቤተ መንግሥቱ ማላከክ ግን ልክ አይደለም፤ ከሩሲያ ጋር የተደረገው የክራይሚያ ጦርነትም ካዝናውን አራቁቷል።

የሚገርመው፣ በኋላ የነገሠው ሱልጣን ዳግማዊ አብዱልሃሚድ ከባሕር የሚመጣ ጥቃት ፈርቶ ወደ ዪልዲዝ ኮረብታ ወጣ። ጅሬንን የመረጡ ሰዎች ይህን ቢሰሙ አይደንቃቸውም ነበር። የቱርክ ሪፐብሊክ መሥራች አታቱርክ የሞተው እዚሁ ዶልማባህቼ ነው፤ ኅዳር 1 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡05።

ለመጎብኘት ካሰቡ ሰኞ ዝግ ነው።