ፀሐይ በቀጥታ የማይደርስበት ጥግ

ጥያቄ፦ መንዝ የሚገኘውን የአያቴን የድንጋይ ቤት በብሌንደር (በ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። የጠዋት ፀሐይ በበሩ ገብታ በእበት የተለቀለቀው ወለል ላይ ስታርፍ በጣም ያምራል፤ እንስራው የተቀመጠበት ጥግ ግን በ128 ሳምፕል (ለእያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ በሚላክ የጨረር ብዛት) አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ከእንስራው ኋላ መብራት ብደብቅ አሸዋው ጠፋ፤ ቤቱ ግን የአያቴን ቤት አልመስል አለኝ። ምን ላድርግ?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ዓይንዎ አልተሳሳተም። ወደዚያ ጥግ የሚደርሰው ብርሃን ወለሉን፣ ከዚያም ግድግዳውን እየነካ የሚመጣ በመሆኑ፣ በደረሰበት ሁሉ እየደከመና የነካውን ነገር ቀለም እየያዘ ይሄዳል፤ የደበቁት መብራት ያጠፋብዎት ይህንን ጉዞ ነው።

የኮምፒውተር ግራፊክስ ተመራማሪው ጄምስ ካጂያ እ.ኤ.አ. በ1986 ጉዞውን በአንድ እኩልታ አስቀምጦታል፦ ከአንድ ነጥብ ወደ ዓይናችን የሚመጣው ብርሃን፣ ነጥቡ ራሱ የሚያመነጨውና ከየአቅጣጫው ተቀብሎ የሚመልሰው ብርሃን ድምር ነው። ችግሩ «ከየአቅጣጫው» የሚለው ላይ ነው። አቅጣጫው ስፍር ቁጥር ስለሌለው፣ ሳይክልስ (ብርሃኑን የሚያሰላው የብሌንደር ክፍል) ከካሜራው የላከው ጨረር እንስራውን ሲነካ ቀጣዩን መንገድ በዕጣ ይመርጥለታል። ከእንስራው ሆነው ቢመለከቱ፣ ፀሐይ ያረፈችበት ወለል ከአንድ ቁርበት አይበልጥም፤ የቀረው ጥቀርሻ የለበሰ ግድግዳና ጣሪያ ነው። ዕጣው ወደ ቁርበቱ የመራው ጨረር ነጥቡን ያደምቀዋል፤ የሳተው ያጨልመዋል። አሸዋ መስሎ የታየዎት ይህ ልዩነት ነው።

ሳምፕል መጨመር ይረዳል፤ ነገር ግን አሸዋውን በግማሽ ለመቀነስ 512፣ ወደ ሩብ ለማውረድ 2048 ሳምፕል ስለሚጠይቅ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ምስሉን የሚያሰሉት (ሬንደር የሚያደርጉት) በግራፊክስ ካርድ ሳይሆን በሲፒዩ (በኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ) ከሆነ፣ ከብሌንደር 3.4ኛው እትም ጀምሮ የገባውን ፓዝ ጋይዲንግ አስቀድመው ያብሩ፤ ብርሃን የተገኘበትን አቅጣጫ እየተማረ ቀጣዮቹን ጨረሮች ወደዚያው ይመራቸዋል። በሩ ላይ የሚደረግ ፖርታል (ጨረሮችን ወደ ክፍቱ ቦታ የሚመራ ምልክት) የሚያግዘው ከሰማይ የሚገባውን ብርሃን እንጂ ከወለሉ የሚነሳውን አይደለም። የዲፊዩዝ ነጸብራቅ (ብርሃን ከማያብለጨልጭ ገጽ እየተበተነ የሚነጥርበት) ቁጥርም ከ4 ዝቅ ብሎ እንዳይሆን ይመልከቱ።

ግድግዳውን ፍጹም ጥቁር አያድርጉት፤ ጥቀርሻም ጥቂት ብርሃን ይመልሳል። በበሩ አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ የተሰቀለ ነጭ ጋቢ ከነበረ ደግሞ እርሱንም ይሥሩት፤ ንጣቱን ግን ወደ 1 (የደረሰውን ብርሃን ሁሉ ወደሚመልሰው) አያድርሱት፣ 0.8 ይበቃዋል። እንስራውን ከደበቁት መብራት ይልቅ ያ ጋቢ ያበራልዎታል።