የጎልደን ስቴት ጨዋታ በአዲስ አበባ ሰዓት

ጥያቄ፦ የአሜሪካውን የNBA ቅርጫት ኳስ ቡድን ጎልደን ስቴት ዋሪየርስን ከአዲስ አበባ እከታተላለሁ። ማርች ላይ ሰዓቱ ለምን ይዛባብኛል? በደረጃ ሰንጠረዡ «3 ጨዋታ ከኋላ» ሲባልስ?

መልስ፦ አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ታደርጋለች። በቡድኑ ከተማ ሳን ፍራንሲስኮ ምሽት 1 ሰዓት (7:00 PM) የሚጀመር ጨዋታ ከዚያ በፊት ለእርስዎ ንጋት 12 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ 11 ሰዓት ነው። የዓርቡን ጨዋታ ቅዳሜ ንጋት ይጠብቁ።

መሪው 40 አሸንፎ 20 ቢሸነፍ፣ የእርስዎ ቡድን 36 አሸንፎ 22 ቢሸነፍ፣ የድሉን ልዩነት 4 እና የሽንፈቱን 2 ደምረው ለ2 ያካፍሉ፤ 3 ይመጣል፤ «3 ጨዋታ ከኋላ» የሚባለው ይህ ነው። ቡድኖች በየሳምንቱ እኩል ስለማይጫወቱ ድል ብቻ መቁጠር ያሳስታል። ከመሪው ይልቅ በምድቡ 6ኛ ከሆነው ቡድን ያለውን ርቀት ቢያዩ ይሻላል፤ ከመደበኛው ውድድር 82 ጨዋታ በኋላ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ያሉት ተጨማሪ ማጣሪያ ይጠብቃቸዋል።