ጠይቁ እንመልሳለን፦ የቅንጦት ቤት ደላሎቹ በቴሌቪዥንና በሐዋሳ

ጥያቄ፦ የሎስ አንጀለስን የቅንጦት ቤት ደላሎች በሚያሳየው የቴሌቪዥን ትዕይንት፣ «ሴሊንግ ሰንሴት» ላይ፣ ቤቱ ሲታይ ዋጋውና ኮሚሽኑ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። 10 ሚሊዮን ዶላር ቤት፣ 300 ሺህ ዶላር ኮሚሽን! ይሄ ሁሉ ደላላዋ ልጅ ኪስ ይገባል? እኛ እዚህ ለሁለት ከመቶ ስንጨቃጨቅ ነው የምንውለው።
(የቤት ደላላ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይገባም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው፣ ቤቱ በተጠራበት ዋጋ ቢሸጥና 3 ከመቶ ቢታሰብ የሚገኘው ነው። የተጠራው ዋጋ ደግሞ የሻጩ ምኞት ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ወራት ቆይቶ፣ ዋጋው ተቀንሶ ሲሸጥ ብዙ ነው።

ቢሸጥም ገንዘቡ በቀጥታ ለእሷ አይከፈልም። በካሊፎርኒያ ሕግ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ብሮከሩ፣ ማለትም የደላሎቹ ድርጅት ኃላፊ ነው፤ ኤጀንቷ (ደላላዋ) ድርሻዋን የምታገኘው ከእሱ ነው። 70 በ30 ተስማምተው ከሆነ 210 ሺህ ይደርሳታል። ደሞዝ የላትም፤ ግብሯን ራሷ ትከፍላለች፤ ለቤት ማሳያው ድግስ ከኪሷ ያወጣችውም ቤቱ ካልተሸጠ ውሃ በላው ማለት ነው።

ያ 3 ከመቶም ቢሆን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ድሮ ሻጩ 5 ወይም 6 ከመቶ ይከፍልና የሻጭና የገዢ ደላላ ይካፈሉት ነበር። የአሜሪካ የሪልተሮች (የቤት ደላሎች) ብሔራዊ ማኅበር በዚህ አሠራር ተከስሶ በ2024 እ.ኤ.አ. 418 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከዚያ ዓመት ኦገስት ወዲህ ገዢው ቤት ከማየቱ በፊት ከደላላው ጋር የክፍያ ውል ይፈርማል። የትዕይንቱን የቀድሞ ክፍሎች ሲያዩ ይህን ያስቡ።

ሌላም አለ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በውድ ቤቶች ሽያጭ ላይ ተጨማሪ ግብር ጥላለች። 12 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠ ቤት 5.5 ከመቶ፣ ማለትም 660 ሺህ ዶላር ይከፍላል። ቤቨርሊ ሂልስ የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ስለሆነች ግን ይህ ግብር አይነካትም። በመንገድ ማዶና ማዶ ያሉ ሁለት ቤቶች ሒሳባቸው የሚለያየው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ደላሎች ናቸው ወይስ ተዋናዮች?

መልስ፦ ቤቶቹን የሚሸጡት ፈቃድ ያላቸው ናቸው። በካሊፎርኒያ ፈቃዱ 135 ሰዓት ትምህርትና 150 ጥያቄ ያለው ፈተና ይጠይቃል፤ ማለፊያው 70 ከመቶ ነው። የማንኛውም ኤጀንት ፈቃድ በስሙ ተፈልጎ በግዛቲቱ የሪል እስቴት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ጠቡ ግን ለካሜራ ይመቻቻል ብሎ መጠርጠር ኃጢአት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር የሚሸጥ ቤት አለኝ። እንደነሱ አድርጌ በስልክ ልቅረጸው ብል ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ፀሐይዋን ይወቁ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ከሳሎን ወደ ሐይቁ ቢቀርጹ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ክፍሉ ይጨልማል። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚታየውን ጠዋት፣ ወደ ሐይቁ የዞረውን የቤቱን ፊት ደግሞ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ይቅረጹ። ብርሃኑ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ እንዳይል ስክሪኑን ተጭነው ይያዙና ይቆልፉት።

0.5 የሚለውን፣ አስፍቶ የሚያሳየውን የስልኩን ሌንስ ለመታጠቢያ ቤት ብቻ ይጠቀሙበት። በእሱ የተቀረጸ 12 ካሬ መኝታ ቤት አዳራሽ ይመስላል፤ ገዢው በአካል ሲመጣ ከበሩ ይመለሳል፣ የእርስዎም ቃል ከዚያ በኋላ አይታመንም። ስልኩን ደረት ላይ ይያዙ፣ በየክፍሉ ጥግ ስድስት ሰባት ሴኮንድ ይቁሙ። ነጭና ቢጫ አምፖል ከተቀላቀለ ግድግዳው ዥንጉርጉር ስለሚሆን አንዱን ያጥፉ።

አሜሪካኖቹ የመዋኛ ገንዳ ያሳያሉ፤ የእኛ ገዢ የሚጠይቀው የውሃ ታንከሩን፣ የቆጣሪውን ዓይነትና መኪና የሚያስገባ መንገድ መኖሩን ነው። እነሱን ያሳዩ። የካሬውን መጠንና ይዞታው ሊዝ ይሁን ነባር በቃል ይናገሩ። ካርታውን ግን ካሜራ ፊት አይዘርጉ፤ ከቪዲዮ ላይ የተነሳ የካርታ ቁጥር ለአጭበርባሪ ሲሳይ ነው።

ጥያቄ፦ «ኤስክሮ» የሚሉት ምንድን ነው? እኛ ጋ ቀብድ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኤስክሮ ገንዘቡንና ሰነዱን ይዞ የሚቆይ ገለልተኛ ሦስተኛ ወገን ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ የዋጋውን 3 ከመቶ ያህል እዚያ ያስቀምጣል፤ ቤቱ እስኪፈተሽና ወረቀቱ እስኪጣራ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ፊልሙ ይህን ሁሉ በአንድ ስልክ ጥሪ ያልፈዋል።

ቀብድ ግን ሻጩ እጅ ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ገዢው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጩ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ። ከመክፈልዎ በፊት ግን ከሻጩ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደው ቤቱ ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል፤ «ባለቤቴ አዲስ አበባ ናት፣ ስትመጣ ትፈርማለች» ከተባለ ገንዘቡም እስክትመጣ ይቆይ።