የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ አንድ ሐሳብ፣ ብዙ መልክ

ጥያቄ፦ የሞተ ልጇን ደብዳቤ ለዓመታት ሳትከፍት ስላስቀመጠች እናት ባለ ስድስት ገጽ አጭር ልቦለድ አለኝ። ወደ ተውኔት ስቀይረው እናቲቱ ብቻዋን ቆማ ሐሳቧን የምትዘረዝር ሆነችብኝ። ያነበቡት ሁሉ «ይሰለቻል» አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሐሳቡ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ተራኪው ነው። በልቦለዱ ተራኪው እናቲቱ ልብ ውስጥ ገብቶ ይነግረናል። መድረክ ላይ እሱ ሲቀር ቃላቱን በሙሉ ለእሷ አሸከሟት።

ልቦለዱን በወረቀት ያትሙና በሁለት ቀለም ያስምሩበት፤ በአንዱ የሚታየውንና የሚሰማውን፣ በሌላው የምታስበውንና የምታስታውሰውን። ሁለተኛው ቀለም ካመዘነ ገና ተውኔት የሚሆን ነገር አልያዙም ማለት ነው። ከዚያ ደብዳቤው እንዲከፈት የሚፈልግ ሰው ያስገቡ፤ የሟቹ እህት ልትሆን ትችላለች። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይስታሉ፦ ሁለተኛዋ ገጸ ባሕርይ «ከዚያስ?» እያለች ጠያቂ ብቻ ትሆናለች። ይህ መነባንቡን፣ ማለትም የብቻ ንግግሩን፣ ለሁለት መክፈል እንጂ ቃለ ምልልስ አይደለም። እህትየዋ የራሷ ጉዳይ ይኑራት፤ ለምሳሌ ወንድሟ ለእሷም የጻፈው ነገር እንዳለ ትጠርጥር።

ልቦለዱ «ከከፈተችው ዳግም የሚሞትባት ይመስላታል» ይላል እንበል። በመድረክ ላይ ልጅቷ ፖስታውን አንሥታ ጠርዙን በጥፍሯ መፋቅ ትጀምራለች። እናትየዋ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «እሱ ሲመጣ ይከፍተዋል» ትላለች። የልጅቷ እጅ ባለበት ይቆማል። ይህ የሚሠራው ግን ልጁ መሞቱን ተመልካቹ ቀድሞ ካወቀ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ተራ ንግግር ሆኖ ያልፋል።

ዓመታቱንም በምልሰት፣ ማለትም ወደ ኋላ እየተመለሱ፣ ለማሳየት አይድከሙ። አንድ ቀን ይምረጡ፤ ደብዳቤውን ማቆየት የማይቻልበትን፣ ለምሳሌ ቤቱ የሚለቀቅበትን።

ለሬዲዮ ከሆነ የወረቀት ድምፅ ብቻውን ደብዳቤና ጋዜጣን አይለይም። አንድ ጊዜ በንግግር ይጠቀስ፤ ከዚያ በኋላ ኮሽታው ይበቃል። የእናትና የልጅ ድምፅ እንዳይመሳሰልም የአነጋገር ልማዳቸውን ይለያዩት፤ አንዷ በአጭሩ ትመልስ፣ ሌላዋ ጀምራ ትተው። ለፊልም ከሆነ ጥፍሩ በቅርበት ስለሚታይ «እሱ ሲመጣ» የሚለውንም መሰረዝ ይቻል ይሆናል። የፊልም ጽሑፍ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ ስድስት የልቦለድ ገጽ ስድስት ደቂቃ ነው ብለው ግን አይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ግጥሜን ወደ አጭር ልቦለድ ላሳድግ ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ቋንቋው ያምራል፣ ግን ምንም አይከሰትም።

መልስ፦ ግጥም አንድ ስሜት ላይ ቆሞ ሊያልቅ ይችላል። ልቦለድ የሚፈልግ ሰውና የሚያግደው ነገር ይሻል። ግጥሙን በሙሉ አይሸከሙት፤ አንድ ስንኝ ብቻ ያውጡ፣ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን። ማን ለማን ተናገረው? ከአንድ ሰዓት በፊት ምን ተፈጠረ? ታሪኩ እዚያ ይጀምራል። ከዚያ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አሁንም ቤት የሚመቱ ከሆነ ግጥሙ አልለቀቀዎትም።

ጥያቄ፦ አጭሩን ወደ ረጅም ልቦለድ ለመለወጥ ትዕይንቶቹን ማስረዘም ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ውኃ የበዛበት አጭር ልቦለድ ነው የሚወጣዎት። የአሜሪካዊው ደራሲ የዳንኤል ኪይስ «አበቦች ለአልጀርኖን» እ.ኤ.አ. በ1959 በአጭር ልቦለድነት፣ በ1966 ደግሞ በረጅም ልቦለድነት ታትሟል። የታሪኩ አካሄድ ያው ነው፤ ከተጨመረው ዋናው የገጸ ባሕርይው የልጅነት ትዝታ፣ ቤተሰቡና የፍቅር ሕይወቱ ነው። እርስዎም የዋናውን ገጸ ባሕርይ ሁለተኛ ችግር ይፈልጉ፤ የመጀመሪያውን የሚያባብስ ይሁን። ካላገኙ አጭሩን በአጭርነቱ ይተዉት።