የስኳርና የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው እስከ ስንት ሰዓት ይጹም?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ዕድሜዬ 58 ነው። ስኳር ከያዘኝ 14 ዓመት አልፎኛል፤ አምና ደግሞ ኩላሊቴ መድከሙን ነገሩኝ። ኢንሱሊን እወጋለሁ። ሐኪሙ ‹ቁርስ አይቅር፣ የሚበቃዎትን ያህል ከፋፍለው ይብሉ› ይለኛል። እኔ ግን ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ሳልጾም ያለፍኩበት ዓመት የለም። ልጆቼ ይቆጡኛል፤ እኔ ደግሞ እግዚአብሔርን እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እናቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ትዝ ያሉኝ በአንድ የፍልሰታ ቅዳሴ ላይ ያገኘኋቸው እናት ናቸው። ቅዳሴው ሳያልቅ በቅጽሩ ውስጥ ወደቁ። ልብሳቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የገዛ ልጃቸውን መለየት አቅቷቸዋል። ስኳር በውኃ በጥብጠን ስናጠጣቸው ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ። የነጠላቸው ጫፍ ላይ ሁለት ከረሜላ ተቋጥሮ ነበር። ልጃቸው የቋጠረችላቸው ለእንዲህ ያለ ሰዓት ነው፤ እርሳቸው ግን «ጾሜን አልገድፍም» ብለው አልፈቱትም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን አላዘዘችም። የሐዋርያት ቀኖና ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ሲገሥጽ፣ በሥጋ ድካም ምክንያት ያልቻለውን ለይቶ ያወጣዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ተሐራሚውን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ በሽታው ብዛት ውኃ ብቻ መጠጣቱን ትቶ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ደግሞ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያዛል፤ እርሱን የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ስለዚህ የሐኪሙን ቃል የጾምዎ ጠላት አድርገው አይዩት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ስለሚበዛብኝ የሚያውቁትን ጠይቄ ተረድቻለሁ። ኢንሱሊንን ከሰውነት ከሚያስወግዱት አንዱ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም የተወጋው ኢንሱሊን በደም ውስጥ ይቆያል። ከዚህም ሌላ ጤነኛ ኩላሊት ሰው ሳይበላ ሲቆይ ጥቂት ስኳር እየሠራ ሰውነትን ይደግፍ ነበር፤ ሲታመም ይህም ይቀንሳል። ስለዚህ ከ10 ዓመት በፊት እስከ 9 ሰዓት ያደረሰዎት ሰውነት ዛሬ ረፋዱ ላይ ሊጥልዎት ይችላል። በመለኪያው የደምዎ ስኳር ከ70 (mg/dL) በታች ከወረደ አደጋ ነው።

ሌላም አለ። ሰውነት የሚበቃውን ጉልበት ከምግብ ካላገኘ የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል፤ የፈረሰው ጡንቻ ቆሻሻ ደግሞ ተመልሶ የሚጫነው በደከመው ኩላሊት ላይ ነው። ኩላሊቱ ለታመመ ሰው የሚመከረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ25 እስከ 35 ካሎሪ ነው። 60 ኪሎ ቢመዝኑ ከ1500 እስከ 2100 ይሆናል። ይህን ሁሉ ከ9 ሰዓት በኋላ በአንድ ማዕድ መብላት ስኳሩን ሽቅብ ይሰቅለዋል።

ስለዚህ ሰዓቱን ይተዉት። የጾሙን ምግብ ግን ሐኪምዎ ካልከለከለዎት ይጠብቁ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ብዙ ሰው ግን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ጠዋት የበላ ሁሉ ጾሙን የሻረ ይመስለዋል። ከጥሉላት (ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል) ተከልክለው፣ ቁርስዎን በልተው፣ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ወስደው ይጹሙ። ሽሮውና ምስሩ የፕሮቲን ምግብ ስለሆነ ኩላሊትዎ በሚችለው ልክ ይሁን፤ የጎደለውን ጉልበት እንጀራና ዘይት ይሙሉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣል። ጨው ግን ይቀንሱ፤ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል፣ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ለዘመናት የለመዱትን ጣዕም መተው እኮ ራሱ ተጋድሎ ነው።

ኩላሊቱ በማሽን የሚታጠብለት ሰው ነገሩ ይለያል። የፕሮቲን ፍላጎቱ ከፍ ስለሚል ሐኪሙ እንቁላል ወይም ሥጋ ሊያዝለት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ለንስሐ አባቱ ገልጦ ይፈቀድለት፤ ተደብቆና ተሳቅቆ አይብላ።

ጸበል ይጠጡ፣ ነገር ግን ፈሳሽ በልክ ተብለው ከሆነ ጥቂት ጉንጭ ይበቃዎታል፤ በረከቱ በጀሪካን አይለካም። መድኃኒቱንም ለጸበል ብለው አያቋርጡ። ለቅዱስ ቁርባን የሚጾመውን ሰዓት በተመለከተ በራስዎ አይወስኑ፤ ሕመምዎን ለንስሐ አባትዎ ነግረው እርሳቸው በሚሰጡዎት ሥርዓት ይቅረቡ።

ከዘወረደ፣ ማለትም ከዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንት በፊት፣ ሐኪምዎን ስለ ኢንሱሊኑ መጠን ያነጋግሩ፣ የሚለውንም ለንስሐ አባትዎ ያድርሱ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ከረሜላውን በነጠላዎ ጫፍ ይቋጥሩ፤ እጅዎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንንም ሳይጠይቁ ይፍቱት።